ከልብስ አጣቢዎች የተማሩት ሊቅ



ሳይንስ የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ የመስታወት ቱቦና ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ወንዝ ዳር ተንበርክካ ነጠላ የምታጥብ እናት ግን አትታየንም። ሆኖም በአገራችን ከተደረጉት የሳይንስ ግኝቶች መካከል በዓለም ዙሪያ ስሙ የተነሣው አንዱ የተጀመረው ከእሷ ዘንድ ነው። ይኸውም የእንዶድ ነገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን የምናነሣው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ነገ ጠመኔ ይዘን በልጆች ፊት የምንቆም እኛ ሠልጣኞች ሳይንስን እንዴት ማስተማር እንደሚገባን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።)

በቅድሚያ ነገሩ ለእኛ ለምን ቅርብ እንደሆነ እንናገር። ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ ያለው አገር የወንዝ አገር ነው። አጣዬ አለ፣ ጀውሃ አለ፣ ቦርከና አለ፤ የጨፋውም ረግረግ አለ። በዚህ ውኃ ከብቱ ይጠጣል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ መስኖው ይጠለፋል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይዋኝበታል። በበጋ ከአፋር በኩል ከብቱን እየነዳ የሚመጣውም ወገናችን የሚያርፈው በዚሁ ውኃ ዳር ነው። ታዲያ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታም የሚወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። በከሚሴ አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሌላኛው ዓይነት፣ ማለትም የሽንት መንገድ ቢልሃርዝያ ይገኛል።

በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ሁላችንም ተምረናል። ቢሆንም ለክርክራችን መሠረት ስለሆነ በአጭሩ እንድገመው። በበሽታው የተያዘ ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ውኃው ይገባል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና እጩ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። እዚያም ይራባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ከቀንድ አውጣዋ ወጥተው ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የሰው ቆዳ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ትሎቹ አድገው በአንጀትና በጉበት የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ልጁ ሆዱን ያመዋል፣ ደም የቀላቀለ ያስቀምጠዋል፣ ይደክመዋል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። መምህሩም ሰነፍ ነው ይለዋል። በሽታው ከከረመ ጉበቱን ያጠነክረዋል፣ ሆዱንም ይነፋዋል። እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ትሉ ወደ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ የለውም ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1964 በአሜሪካን አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ሥራቸው በወንዞቹ ውስጥ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች እየቆጠሩ መመዝገብ ነበር። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ይህን ደግሞ ማን አያውቅም? ሳሙና ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ እናቶቻችን፣ አያቶቻችንም የእንዶዱን ፍሬ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውኃ ዘፍዝፈው አረፋውን ሲያወጡበት ኖረዋል። በኦሮምኛም አንዶዴ እንለዋለን። ዶክተር አክሊሉ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ከአጣቢዎቹ በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በርከት ብለው ተገኙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያንን አረፋ ከእሳቸው በፊት ስንት ሰው አየው? ስንት የተማረ ሰውስ በዚያ ወንዝ ዳር አለፈ? ልዩነቱ ሌላው ያየውን እሳቸው መጠየቃቸው ላይ ነው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጨምሪልን አሏት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ያች እናት ስሟ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ አልተጻፈም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ግን በእጇ የተሠራ ነው።

ዶክተሩ በዚህ አልረኩም። አንድ ጊዜ አየሁ ብሎ ማውራት ወሬ እንጂ ሳይንስ አይሆንም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ከምን ያህል ውኃ ጋር ምን ያህል እንዶድ ሲቀላቀል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ስንት ቀንድ አውጣ እንደሚሞት በልክ መረመሩ። በ1965 የመጀመሪያውን ውጤት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አደረጉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ይኸው ኢንስቲትዩት በእሳቸው ስም ይጠራል።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ምንድነው? ሳፖኒን ይባላል። የሳፖኒን ሞለኪውል አንደኛው ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላኛው ጫፉ ቅባት ይወዳል። አረፋ የሚያወጣውና እድፍ የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የሕያዋን ሕዋስ ሽፋን ደግሞ ከቅባት የተሠራ በመሆኑ ሳፖኒኑ ይጣበቅበትና ያፈርሰዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ከእንዶድ የወጡትን ሳፖኒኖች እየለዩ መዋቅራቸውን አወቁ። አንደኛውንም በዶክተሩ አባት ስም መነሻነት ለማቶክሲን አሉት።

ይበልጥ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ፍሬው ውስጥ እንዳለ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ቀንድ አውጣ አይገድልም። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሞለኪውሉ ላይ አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ገዳይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ እናቶቻችን መውቀጣቸውና በውኃ መዘፍዘፋቸው እንዲያው ልማድ ብቻ አልነበረም። ኬሚስቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በቀመር የጻፈውን እነሱ በሙቀጫና በገንቦ ይሠሩት ነበር። ዕውቀቱ ያለው ዕፁ ላይ ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱም ላይ ነው።

ይህ የእንዶድ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለወባ መድኃኒት ሲፈልጉ አንድ የአርቲ ዘመድ የሆነ ዕፅ አገኙ። አፍልተው ሲያወጡት አልሠራ አለ። በመጨረሻ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የአገራቸውን የመድኃኒት መጽሐፍ ገልጠው ቢመለከቱ ዕፁን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈህ ጭማቂውን ጠጣ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። ሙቀቱ ፍቱን የሆነውን ነገር እንደሚያበላሸው ያን ጊዜ ተረዱ፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት። አርቴሚሲኒን እንዲህ ተገኘ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የዚሁ ዕፅ ዘር ነው። እዚያም ቁልፉ የተገኘው በአዘገጃጀቱ ነው።

ወደ ዓድዋ እንመለስ። ከ1969 እስከ 1974 ባሉት አምስት ዓመታት በከተማዪቱ አካባቢ ያሉ ወንዞች በእንዶድ ዱቄት እየታከሙ ቆዩ። በዚህም በነዋሪው መካከል የነበረው የበሽታው መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሕፃናት አዲስ የሚያዙ ናቸው፣ በእነሱ ላይ መቀነሱ መተላለፊያው መዘጋቱን ያሳያል። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡ፣ እየዘሩና እያወዳደሩ ፍሬያማውንና ኃይለኛውን መረጡ። ዓይነት 44 የተባለው ከእነዚያ አንዱ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ዓለም በእልልታ ተቀበለው? አልተቀበለውም። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚሸጠው ከውጭ የሚመጣ፣ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። እንዶድ በደሃ ገበሬ ጓሮ የሚበቅል ነው፤ ትርፍ የሚያይበት ኩባንያ አልነበረም። ከዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ዘንድ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተደረገው ምርመራ አይበቃም፣ የመርዛማነቱ ጥናት በታወቀ ደረጃ እንደገና ይሠራ የሚል ጥያቄ መጣ። ጥናቱ በካናዳ ድጋፍ እስኪሠራ ድረስ ዓመታት አለፉ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። ይህ ከዓድዋው ወንዝ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓረፉ።

እኛ በዚህ ላይ ያለንን አስተያየት በግልጽ እንናገር። የመርዛማነት ምርመራ መጠየቁን አንቃወምም። በሕዝብ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ምንም ያህል የአገር ልጅ ቢሆን መመርመር አለበት። የምንቃወመው ምርመራው የተሠራበትን አገር አይቶ መጠርጠሩን ነው። ልኬት ልኬት ነው፤ አዲስ አበባ ቢለካም ሎንዶን ቢለካም። ደግሞም በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሐይቆቻቸው የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት ለማጥፋት የመጠቀም የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግብ፣ የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች ድርሻ የት አለ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነበር። አገራችን በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የኅብረተሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው መደንገጓም ከዚህ ዓይነት ልምድ የሚያስተምር ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እኛ የናቅነውን ሌላው አንሥቶ ስም ሲያወጣለት ብቻ መንቃት ይበቃናል።

ነገር ግን ወደ ሌላኛው ጫፍም አንሂድ። በመካከላችን የአበሻ መድኃኒት ምርመራ አያስፈልገውም፣ አያቶቻችን ሞክረውታል የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ እውነት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስም እውነት ነው። እንዶድም እንደዚሁ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል እንጂ በሰው ሆድ ውስጥ ያለውን የቢልሃርዝያ ትል አያድንም። ቢጠጡት ሆድ ያቃጥላል፣ ያስታውካል፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ጽንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው ለከፋ ጉዳት የተዳረጉ እኅቶች መኖራቸውን በየመንደራችን ያልሰማ የለም። ከዚህም በላይ እንዶዱ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣዋን እንቁላል ግን እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማከም ይጠይቃል። ይህን ያወቅነው በመለካት ነው። የዶክተር አክሊሉ ትልቅነት ሕዝቡን ሳይንቁ መጠየቃቸው፣ ሕዝቡ የነገራቸውንም ሳይመረምሩ አለመቀበላቸው ነው። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አንዱ ትዕቢት፣ ሌላው ተረት ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ለልምምድ ማስተማር ከወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ የቢልሃርዝያ ትምህርት ሲሰጥ ተመልክተናል። የትሉ የሕይወት ዑደት በሰሌዳ ላይ ተሣለ፣ ስሞቹ ተጻፉ፣ ልጆቹ በኅብረት ደገሙ፣ ፈተናም ተፈተኑ። ጥሩ ውጤት አመጡ። ደወል ሲደወል እነዚያው ልጆች እየሮጡ ወደ ወንዝ ወረዱ። በሰሌዳው ላይ ያለው ወንዝና እነሱ የሚዋኙበት ወንዝ አንድ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ይኼ እንግዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በልምምድ ማስተማር ሰዓት እኛም ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ሰፊ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ላቦራቶሪም የለንም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። በከፊል እውነት ነው። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማድረግ ቀላል ነው አንልም። ግን የእንዶድ ምርምር የተጀመረው በምን ነበር? በአንድ ዕቃ ውኃ፣ በጥቂት ቀንድ አውጣና በአንዲት እናት አረፋ ነበር። ያጣነው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመጠየቅ ልማድም ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ስለዚህ ለሠልጣኞችና ለመምህራኖቻችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የቢልሃርዝያ ትምህርት ሲዘጋጅ ከሰሌዳው በፊት ከልጆቹ ይጀመር። ማን የት ይዋኛል? ልብስ የት ይታጠባል? መጸዳጃ ያለው ቤት ስንት ነው? ከወንዙ ካርታ ጋር መልሱ በአንድ ወረቀት ላይ ቢሠፍር ልጁ ዑደቱን ሳያነበንብ ያውቀዋል። ማንም ልጅ ግን ለትምህርት ተብሎ ወደ ውኃ አይግባ፤ ቀንድ አውጣም በእጁ አይሰብስብ። ያ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ በፔዳጎጂካል ማዕከላችን አንድ የዕፅዋት ጥግ ይከፈት። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ እኮ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል፤ ከደጋውም ከቆላውም የወረደው ቅጠልና ሥር እዚያ ይሸጣል። እያንዳንዱ ዕፅ ደርቆ፣ ተለጥፎ፣ በየቋንቋው ስሙ ተጽፎ ይቀመጥ። ለምን እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚዘጋጅ ይጻፍ፤ ከእንዶድ የተማርነው ይህንኑ ነውና። የነገሩን እናት ወይም አባት ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ከፈቀዱም ስማቸውን እንጻፍ። የዓድዋዋ እናት ስሟ ቀርቷል፤ የእኛዎቹ አይቅሩ።

ሦስተኛ፣ መምህር መድኃኒት አዳይ አይደለም። ሆዱን የሚያመው፣ የሚደክመው ልጅ ሲያጋጥመን ሰነፍ ከማለት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው። ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ትሉን ይገድላል። ከ2015 ወዲህ በትምህርት ቤቶች በኩል በዘመቻ ሲሰጥም ቆይቷል። ወላጆች ልጃችን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል እያሉ በዚያ ቀን ከትምህርት ሲያስቀሩት የምናስረዳው እኛ ነን። ምግብ በልቶ ይምጣ ብለን አስቀድመን መንገርም የእኛ ድርሻ ነው። መድኃኒቱን የዋጠ ልጅ ወደዚያው ውኃ ከተመለሰ ግን እንደገና ይያዛል፤ ስለዚህ ከእንክብሉ ጎን መጸዳጃው፣ ንጹሕ ውኃውና ትምህርቱ ካልተጨመሩ ሥራው ቀዳዳ እንስራ መሙላት ይሆናል።

አራተኛ፣ በየክፍሉ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ተማሪው ጠያቂ፣ መምህሩ አድማጭ የሚሆንበት ሰዓት ይኑር። ለምን እንዶድ አረፋ አወጣ? ለምን አያቴ ሳትወቅጥ አትዘፈዝፈውም? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዝም በል ብሎ የሚያሳልፍ መምህር ምን ዓይነት ዕውቀት እንዳፈነ አያውቅም።

ውድ ጓደኞቻችን! ከጥቂት ወራት በኋላ እያንዳንዳችን አንዳንድ ወንዝ ወዳለበት መንደር እንመደባለን። መብራት ላይኖር ይችላል፣ ቤተ መጻሕፍትም ላይኖር ይችላል። ወንዙ ግን ይኖራል፤ ወንዙ ዳርም ልጆችና እናቶች ይኖራሉ። የምናስተምረው ሳይንስ ለእነዚያ ልጆች ሆድና ጉበት የማይተርፍ ከሆነ የፈተናው ውጤት ምን ይጠቅማል? እንግዲህ መምህራኖቻችን ይህን አሳብ ተመልክተው፣ የዕፅዋቱ ጥግ በዚህ መንፈቅ እንዲጀመር ቦታና ጥቂት ሣጥን እንዲፈቅዱልን እንጠይቃለን። ገበያ ወርደን ለመጠየቅና ለመመዝገብ ፈቃደኛ የሆናችሁም ስማችሁን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ስጡ። የሚቃወመን ካለ ደግሞ ጽፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ በደስታ እናነበዋለን፣ መልስም እንሰጥበታለን።